የውድነሽ ባል ጋቢ

ጎረቤቴ ውድነሽ፣ ጣልያን ላሰረው ባሏ ጋቢ እንዲሆን ባዘቶ አምጥታ «እኔ መፍተል አልችልበትም፤ ፍተይልኝ፤ እስር ቤት ብርድ ነው» ካለችኝ ሰንብታለች። እኔ ደግሞ ባሏ መሞቱን ሰምቻለሁ። የነገረኝ አብሮት ታስሮ የተፈታው ወንድሜ ነው፤ «ወሬው ካንቺ አፍ ከወጣ እኔን መልሰው ይወስዱኛል» ብሎ አስምሎኛል። እናም ያንን ባዘቶ ላለመንካት ያልጀመርኩት ሥራ የለም። የቀሚስ ጥልፍ ጀመርኩ፣ መሶብ ጀመርኩ፣ ዳንቴል ጀመርኩ፤ አንዱንም አልጨረስኩ። ውድነሽ በመጣች ቁጥር «እጄ ሞልቷል» እላታለሁ።

የቂርቆስ ማግስት ጠዋት መጣችና ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው። «አንቺ ሴት፣ ቤትሽ እኮ ገበያ ሆኗል» አለችኝ። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ቁጭ አለችና የተጋመሰውን መሶብ ወደ ጭኗ ሳበችው።

«ተይው ውድነሽ» ብላት፣ «ዝም በይ፤ እጅሽ እንዲፈታልኝ ነው» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ወዲያ እየተመላለሰች መሶቡን ጨረሰችልኝ፤ ቀጥላ ጥልፉን፣ ከዚያም ዳንቴሉን። ስፌቷ ከእኔ ያምራል። «ሲፈታ፣ ሚስቴ ሙያ የላትም ማለቱን ይተዋል» እያለች ትስቃለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ክር አቀብላታለሁ።

ትናንት የዳንቴሉን የመጨረሻ ክር በጥርሷ በጠሰችና ባዘቶውን ከነእንዝርቱ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «እሺ፣ አሁንስ ምን ሰበብ ቀረሽ?»

«ምንም» አልኳት። ከጓዳ የወንድሜ ሳል ይሰማል። እንዝርቱን አሾርኩት፤ ክሩ ግን ገና ሳይረዝም ተበጠሰብኝ። ቀጠልኩት፤ ደግሞ ተበጠሰ።

ውድነሽ እጄን ያዘችኝ። «ቀስ በይ እንጂ፤ ምን ያጣድፍሻል? እሱ እንደሆነ የትም አይሄድ።»