ቋጠሮ የሌለው አቡጀዲ

እኔ ሸማኔ ነኝ፤ ክር ሳይበጠስበትና የተበጠሰውን ሳይቋጥር ሸምኖ የጨረሰ ሰው አላውቅም። ታዲያላችሁ አንኮበር ገበያ አንድ የአልዩ አምባ ነጋዴ አሜሪካ ከሚሉት አገር የመጣ አቡጀዲ ዘርግቶ አገኘሁት። ጣቃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ዳሰስኩት፤ አንድ የክር ቋጠሮ እንኳ የለውም! ነገሩ አላማረኝም።

«ማን ነው የሸመነው?» አልኩት።

«ወላሂ፣ በእሳት ኃይል የሚሠራ መሣሪያ ነው! እዚያ አገር ሀብቱ ስለተትረፈረፈ ሸማኔ የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ አይውልም።»

«ከጉድጓዱ የወጣው ሸማኔስ ምን ይበላል?»

«እሱን እንኳ አልጠየቅኩም» አለና ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳብ አደረገ። ዓይኔ ጋቢው ዳር ላይ አረፈ፤ እዚያ ያለችው የክር ቋጠሮ የገዛ እጄ ሥራ ናት።

«አንተስ ታዲያ አቡጀዲህን ለምን አትለብስም?»

«እሱማ የሚሸጥ ነው!» አለኝ።