ፒያሳ ላይ «እንብላ» ያሉት አጎቴ

ይኸውላችሁ፣ ወሎ በድርቅ የተመታበት፣ አብዮቱም የፈነዳበት ሰሞን ነው። የእናቴ ወንድም አያ ሰይድ ከዚያው ከወሎ፣ ከመካነ ሰላም ሊጠይቁን መጡና አዲስ አበባን ላሳያቸው ይዣቸው ወጣሁ። ፎቁን አሳየኋቸው፤ አልፈውት ሄዱ። መንገድ ዳር የቆመውን ታንክ አሳየኋቸው፤ እሱንም አለፉት። ፒያሳ ስንደርስ ግን አንድ ኬክ ቤት መስታወት ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ውስጥ ሰው ይበላል።

«አያ፣ ምን እየጠበቁ ነው?» አልኳቸው።

«እንብላ እስኪሉን ነዋ! እያዩን እኮ ነው።»

እየሳቅሁ ከጎኑ ካለው ዳቦ ቤት ሁለት ዳቦ ገዛሁና አንዱን ሰጠኋቸው። እሳቸው መች ቀመሱት! ከፍ አድርገው ይዘው «ኑ እንብላ! በአላህ፣ እንብላ!» እያሉ አላፊ አግዳሚውን ይጠሩ ጀመር። ሰዉ ፊቱን እያዞረ ያልፋል። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ኧረ አያ፣ ይብሉ! እዚህ እንዲህ አይደረግም።»

«እኛ ዘንድሮ እፍኝ ቆሎ ስናገኝ እንኳ በር ላይ ወጥተን ነው የምንጣራው። እዚህ ሁሉም ጠግቦ ነው?» አሉኝ። የምራቸውን ነው፤ ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ።

ይሄኔ አንዲት ነጠላ የተከናነበች ሴትዮ ቀረብ አለች። ገምሰው ሰጧት፤ መርቃቸው ሄደች። የቀረችውን ግማሽ ወደ እኔ ዘረጉና «በል እንብላ» አሉኝ።

እጄን አየሁት። የራሴን ዳቦ፣ እሳቸውን እንኳ «እንብላ» ሳልል፣ እዚያው ቆሜ ጨርሼዋለሁ።