ግሪሳ የሰፈረበት ሽቦ

በእኛ ጊዜማ ስልክ በኪስ አይያዝም ነበር ልጆቼ፣ ማሽላ መሃል ነበር የሚተከለው። ወላሂ! ጣሊያን አገሩን ይዞ ሳለ፣ ከጀውሃ ወዲህ ግንድ እያቆመ፣ አናቱ ላይ ሽቦው የሚታሰርበት ነጭ ሲኒ እየሰካ መጣና ሽቦውን በአባቴ ማሳ ላይ አሳለፈው። ማንም አልጠየቀን፤ እና ማንን ይጠይቃል?

ያለቀ ዕለት የጣሊያኑ መኮንን የስልኩን እጀታ አዙሮ አዙሮ፣ «ፕሮንቶ! ፕሮንቶ!» ብሎ ጮኸ፣ ሃሎ ማለቱ ነው፤ ከደብረ ሲና አንዱ መለሰለት መሰል፣ እንደ ልጅ ፈነደቀ። ለእሱ በቃ፣ ሽቦው ተናገረ፣ ሥራው ሰመረ። ታዲያ እነሱ የሾሙት ጭቃ ሹማችን ወደ አባቴ ዞረና፣

«ስማ እንድሪስ፣ ሽቦው ሌላ ቦታ ቢበጠስ ግድ የለኝም። ከእኔ ግዛት ከተነካ ግን ያንተም የእኔም አንገት ነው» አለው።

«ኧረ ጌታዬ፣ ማሽላው እሸት ይዟል፤ ወፉን በወንጭፍ ነው የምንመልሰው። ድንጋዩ ሲኒውን ቢያገኘውስ?»

«ወንጭፍ የሚባል እንዳላይ!»

ግሪሳን ታውቋታላችሁ አይደል፣ ያቺ እንደ ደመና የምትመጣ ትንሽዬ ወፍ። ዱሮ ወንዝ ዳር ግራሩ ላይ ነበር የምታርፈው፣ እስክትነሳ እኛም እንዘጋጃለን። አሁን ከራሳችን በላይ መቀመጫ ተሠራላት! ሽቦው ጥቁር ይላል፣ ይረግባል፣ ከዚያ ማሽላው ላይ ዝርግፍ! እኔ ከወፍ መጠበቂያው ማማ ላይ ሆኜ ወንጭፌን ባነሳ፣ አባቴ ከእጄ ቀማኝ። «በአፍሽ አባሪ ልጄ፣ በአፍሽ።» የዓመት ቀለባችን እኮ ነው! እና ጮህን። እናቴ ነጠላዋን እያውለበለበች፣ «እሽ! እሽ!» ስትል፣ ከጎህ እስከ መግሪብ ስትል፣ ስትል፣ ድምጿ ጭራሽ ተዘጋ።

አንድ ቀን መኮንኑ ሽቦውን ሊያይ ሲያልፍ ስንጮህና ስናውለበልብ አየ። «ምን ሆነው ነው?» ቢል፣ አስተርጓሚው አብሯቸው ያለውን ሹም ገልመጥ አደረገና፣ «በስልኩ ደስ ብሏቸው ነው» አለው፤ ይኼን ኋላ አስተርጓሚው ራሱ ነው ያጫወተን። ሰውዬው ባርኔጣውን አንስቶ ሰላምታ ሰጠን! እናቴ ይኼን ስትሰማ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ ድምፅ የሌለው ሳቅ።

ጫካ የገባው አጎቴ ደግሞ ማጀቴ ገበያ ላይ አገኛትና፣ «እኅት ዓለም፣ ይኼን ሽቦ እንቆርጠዋለን» አላት።

«ከእኛ ማሳ ብቻ አርቁት» አለችው በሹክሹክታ፣ ሌላ ድምፅ የላትማ።

ቃሏን ሰማ፤ ማንም ከማያርሰው ገደል ላይ ቆረጡት። ታዲያ መኮንኑ አበደ፣ አርበኞቹ ፎከሩ፣ ሹማችን «አልሐምዱሊላህ፣ ከእኔ አይደለም» ብሎ እፎይ አለ። ከማሳችን በላይ ያለው ግን የሞተ ሽቦ ሆኖ እንደተዘረጋ ቀረ፤ አይናገር፣ አይወርድ። ሹሙ መልሰው ይቀጥሉታልና እንዳትነካ ብሎታል፣ አባቴ ምን ያድርግ? ወፏስ መናገር አለመናገሩን መች ጠይቃ ታውቃለች? እዚያው ሰፈረች። የዚያን ዓመት ጎተራችን ወለሉ እንኳ አልተሸፈነም፣ በዘመድ እጅ ነው የከረምነው። የእናቴም ድምፅ እንደ ዱሮው አልሆነም።

ትናንት ይቺ ከእናንተ ጋር የተቀመጠችው ዘይነባ፣ «እማማ፣ የስልኩ ታወር ሥራ ጀመረ፣ እልል በይ እንጂ!» ብላ መጣች።

«ከማሳው ምን ያህል ይርቃል?» አልኳት።

«ኧረ እማማ፣ ተራራው ላይ ነው እኮ!»

«ወፍ ያርፍበታል?»

«ቢያርፍበትስ፣ እዚያ ማን ያርሳል?»

እንግዲያው ይናገር፣ አልኩ። እልታውን ግን እናንተው በሉት፤ የእኔ ጉሮሮ ደክሟል፣ ሃሃ!