የሰው ገመና አልነካም

ተማሪዎቹ ከጀርባቸው «ማስመሪያው» የሚሏቸው አንጋፋ የንድፍ መምህር፣ የንድፍ ሰሌዳ ታቅፈው የኮሌጁን ደረጃ ሲወርዱ አንዲት ወጣት መምህርት አገኙ። ድሮ ተማሪያቸው ነበረች፤ ዛሬ ባልደረባቸው ናት።

«ጋሼ፣ የማን ሰሌዳ ነው?»

«የዚያ ከኋላ ተቀምጦ የሚያንቀላፋው ልጅ። ትምህርቱን ሊያቋርጥ ነው፤ አሁን አስረክቦኝ ወጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሰሌዳው አንድ ጭረት እንኳን የለውም።»

«ምን ሆኖ ነው? ጠየቁት?»

«እኔ የሰው ገመና አልነካም» አሉ ኮራ ብለው። እውነታቸውን ነው። በማስተማር ዘመናቸው ሁሉ የማንንም ተማሪ የቤት ጣጣ ጠይቀው አያውቁም፤ ይህንንም አክብሮት ይሉታል። ተማሪዎቹ ምን እንደሚሉት ግን ሰምተው አያውቁም።

«ገመናውን ይተዉት። ሥራው ምን ላይ እንደተሰናከለበት ብቻ ይጠይቁት።»

«ቢያለቅስብኝስ? እኔ የማውቀው መስመር ማስመር ነው!»

«ያዳምጡታላ! ከአቅምዎ በላይ ከሆነም የምክር ባለሙያ አለችን፤ እስከ በሯ ይሸኙት።» መምህርቷ ትንሽ አመነታችና ቀጠለች። «እናቴ ያረፈች ጊዜ፣ ከለቅሶ ስመለስ ቀና ብለው እንኳን አላዩኝም። ተቀይመውኛል ብዬ ትምህርቱን ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር።»

«እንዳትሳቀቂ ብዬ እኮ ነው!»

«እኔ በምን ልወቅ፣ ጋሼ?»

አዛውንቱ ክፉኛ አፈሩ። ከዚያ ሰሌዳውን እንደታቀፉ ወደ ግቢው በር ገሰገሱና ልጁን ሊወጣ ሲል ደረሱበት።

«ልጄ» አሉ እያለከለኩ፣ «የቤትህን አልጠይቅህም። ሥራው ግን ምን ላይ ነው የያዘህ?»

ልጁ መሬት መሬቱን እያየ መለሰ። «አባቴ ታመው ተኝተዋል። ያለን አንድ ክፍል ነው፤ መብራት ሳበራ እንቅልፍ ያጣሉ። በጨለማ ደግሞ ንድፍ አይሠራም።»

ማስመሪያው ለእንባ ተዘጋጅተው ነበር፤ የመጣው ግን የመብራት ጉዳይ ሆነ።

«ታዲያ የንድፍ ክፍሉ ከትምህርት በኋላ ባዶውን አይደል የሚያመሸው! ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ያለፈህን ሥራ ቀስ እያልክ ታስረክበኛለህ። እርማቱን ግን አላላላልህም።» ይህን ብለው ሰሌዳውን መልሰው አስታቀፉት።

ከዚያ ወዲህ ማስመሪያው የዓመቱን የመጀመሪያ ትምህርት በአንድ ነገር ይጀምራሉ፦ «ገመናችሁን አልጠይቅም። ሥራው ሲያቅታችሁ ግን ሳትጠፉ ንገሩኝ።» አንዳንዱ ይመጣል፣ አንዳንዱ አይመጣም። የመጣው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ትንሽ ነገር ነው፦ ጥቂት ቀን፣ ጸጥ ያለ ጠረጴዛ፣ ወይም ወደ ምክር ባለሙያዋ አብሮት የሚሄድ ሰው። መምህር የታመመ አባት አያድንም፤ የዚያ ልጅ አባትም አልዳኑም። ልጁ ግን ትምህርቱን ጨረሰ።

ሰሌዳውን ያስረከበው በተመረቀ ማግስት ነው። መላው ተጫጭሯል፤ ጠርዙም ቀለም ጠጥቷል። ልጁ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲል ማስመሪያው ሰሌዳውን በእጃቸው ዳበስ አደረጉትና፣

«ሰሌዳ እንዲህ ሆኖ ሲመለስ ነው ደስ የሚለው» አሉት።