ተዘዋዋሪ ቀበቶዎች

«ኢንጂነር፣ ቀጠሯችን ነገ አይደል እንዴ?» አለኝ ኮንትራክተሩ። ቀራንዮ ሰፈር የሚሠራልንን ሕንፃ ልፈትሽ የገባሁት፣ ከወትሮው በተለየ አስቀድሜ ሳልደውል ነበር። አራተኛው ፎቅ ላይ፣ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ቆመው ግድግዳ የሚለስኑት ሠራተኞች የደኅንነት ቀበቶም ሄልሜትም የላቸውም። ባለፈው ወር ሁሉም ታጥቀው አይቼ ፈርሜያለሁ።

«ቀበቶዎቹስ?»

«ዛሬ አስኮ ያለው ሳይታችን ይፈተሻል፤ እዚያ ሄደዋል።» አላፈረም። ከላይ አንዱ ሠራተኛ ሳቀ፤ «ለአንተ ስንታጠቅ እኮ ሥራ የለም፤ ቆመን ነው የምንጠብቅህ!»

ሥራው ይቁም ብዬ ለአለቃዬ ደወልኩ። «ቀጠሮው ነገ ከሆነ ነገ ፈትሽ» አለኝ። ሠራተኞቹን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ ወጣሁ። ኮንትራክተሩ እስከ ደጅ ሸኘኝ። «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ታጥቀው ይጠብቁሃል» አለና የቆርቆሮውን በር ዘጋው።