የሞላ መውረጃ

በስሜን ተራሮች ላይ፣ ክረምቱ የጎብኚዎቹን መንገድ ደርምሶ በወሰደ ሰሞን፣ ረፋድ ላይ፤ ባሏ የሞተባት ጠጁ ከፊት፣ የአስጎብኚዎች ማኅበር አለቃ አዛናው ከኋላ ሆነው፣ ከገደሉ ወገብ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያቆም እርከን ላይ ቆመዋል።

አዛናው፦ ምነው ቆምሽ እቴ ጠጁ? ሂጂ እንጂ።

ጠጁ፦ አልሄድም።

አዛናው፦ ደከመሽ?

ጠጁ፦ እኔን? እኔ በኮንጎ ጫማ ነኝ፣ አንተ በዚያ በፈረንጅ ቡትስ፤ ድንጋዩን በሁለት እጁ የታቀፈው ማን እንደሆነ እስቲ እየው። አልደከመኝም። ደርሰናል።

አዛናው፦ የት ነው የደረስነው? ከላይ ድንጋይ፣ ከታች ጭጋግ! ቆላው ገና ከሥራችን ነው።

ጠጁ፦ እኔ የፈለግሁት ቦታ ደርሰናል።

አዛናው፦ አትቀልጂብኝ እባክሽ። ነገ አሥራ ሁለት እንግዳ አለብኝ። የወትሮው መንገድ በናዳ ሄዷል፤ በዚህ ካላወረድኳቸው ከካምፑ ተመልሰው መኪናቸው ውስጥ ይገባሉ። ማኅበሩም አለቃነቴን ይገፍፈኛል። ይህን ሁሉ ጧት ደጅሽ ላይ ቆሜ ነግሬሻለሁ።

ጠጁ፦ ነግረኸኛል። እኔም መንገዱን አሳይሃለሁ አልኩህ። እስከ የት ድረስ እንደሆነ ግን አልጠየቅከኝም።

አዛናው፦ እንግዲያው ተመልሼ እወጣለሁ።

ጠጁ፦ ውጣ። ስንወርድ ፊትህን ወደ ድንጋዩ አዙረህ፣ እግር እግርህን እኔ እየያዝኩ ነው ያስቀመጥኩልህ። የቱን ረግጠህ እንደመጣህ ታውቃለህ? ያቺ የጅብራ ተክል ሥር ያለው ድንጋይ የረጋ ይመስላል። ሞክረው እስቲ።

አዛናው፦ አንቺ ሴትዮ፣ ልትገድይኝ ነው እንዴ?

ጠጁ፦ ልገድልህ ብል ከአፋፉ ላይ አንድ ግፊያ ይበቃህ ነበር። እስከዚህ ተሸክሜህ ምን አደከመኝ?

አዛናው፦ ታዲያ ምን ፈልገሽ ነው?

ጠጁ፦ ወሬ። እዚያ ላይ፣ እንግዶችህ ፎቶ ከሚነሱበት አፋፍ ላይ ቆመህ፣ እጅህን ወደዚህ ገደል ዘርግተህ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ የምትነግራቸውን ወሬ። ለእኔ በአማርኛ ንገረኝ።

አዛናው፦ ስለ ተራራው ነው እኮ የምነግራቸው። ጥንት እሳት ከመሬት ወጥቶ ከመረው፣ ዝናብና ወንዝ እየሸረሸረ እንዲህ ገደል አደረገው። ጭላዳው ሣር ይግጣል፣ ዋልያው ከዚህ በቀር የትም አገር አይገኝም...

ጠጁ፦ እሱን አይደለም። "ሞላ" ስትል የምትለውን።

አዛናው፦ ማን ነው የነገረሽ?

ጠጁ፦ ጆሮዬ። አፋፉ ላይ የሱፍ ኮፍያ ስሸጥ ዘንድሮ አሥር ዓመቴ። እንግሊዝኛ አላውቅም። "ሞላ" ሲባል ግን አውቃለሁ። አንተ "ሞላ" ስትል ፈረንጆቹ "ኦ!" ይላሉ፤ ገደሉን ፎቶ ያነሱታል። እኔ ሞኟ ባሌን እያስታወሰልኝ ነው ብዬ፣ ከኮፍያዎቼ ኋላ ቆሜ እጅ እነሣህ ነበር።

አዛናው፦ እቴ ጠጁ...

ጠጁ፦ ያንን ራስህ ላይ ያደረግከውን ኮፍያ ማን ሰጠህ?

አዛናው፦ አንቺ ነሽ።

ጠጁ፦ ስለምን?

አዛናው፦ ለፋሲካ መሰለኝ።

ጠጁ፦ ለፋሲካ አይደለም። የሞላን ስም ስላነሣህልኝ ነው። ከነጯ በጌ ፀጉር፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ነው የሠራሁልህ። ዘንድሮ ልጄ ይታይሽ ትምህርቷን ጨርሳ ከደባርቅ መጣች። አጠገቤ ተቀምጣ ሰማችህ። ፊቷ ሲለዋወጥ "ምን አለ?" አልኳት። "ምንም" አለችኝ። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በሦስተኛው ነገረችኝ። አሁን ደግሞ ከአንተው አፍ ልስማው።

አዛናው፦ ወሬ ነው እኮ። እንግዳ እንዲህ ያለ ወሬ ይወዳል።

ጠጁ፦ ንገረኝ አልኩህ።

አዛናው፦ "ይህ የአዳኙ ገደል ይባላል" እላለሁ። "ሞላ የሚባል የፓርኩ ስካውት ነበር። ጠመንጃ የተሰጠው ዋልያውን ሊጠብቅበት ነው፤ እሱ ግን ገደለበት። ቀንዱን ጎተራው ውስጥ ደበቀ። ፈልጌ ያገኘሁት እኔ ነኝ" እላለሁ።

ጠጁ፦ ከዚያስ?

አዛናው፦ ከዚያማ... "እሱ ወህኒ ወረደ፣ ዋልያዎቹም በዙ" እላለሁ። ያጨበጭባሉ።

ጠጁ፦ ያጨበጭባሉ።

አዛናው፦ ሁልጊዜ አይደለም።

ጠጁ፦ አዳኝ! ይችን እርከን ማን የጠረባት ይመስልሃል? ሞላ ነው። የዋልያ ኮቴ እየተከተለ፣ ሁለት በጋ ሙሉ በመዶሻና በመሮ። እኔ ነኝ ስንቁን ያመላለስኩለት፤ ዛሬ የቱ ድንጋይ እንደሚረገጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ቆላ በሽታ ሲገባ መድኃኒቱ የሚወርደው በዚህ ነበር፤ በዙሪያው ሁለት ቀን ነው። አንተ ያኔም ገደል ትፈራ ነበር፤ በዙሪያው እየዞርክ በማግስቱ ማታ ትደርስ ነበር። አገሬው "የሞላ መውረጃ" ሲለው የኖረውን ቦታ የሌባ ስም አወጣህለት። ካርታችሁ ላይ ሳይቀር።

አዛናው፦ ካርታውን እኔ ብቻዬን አልሣልኩትም።

ጠጁ፦ ስሙን ብቻህን ነው ያወጣኸው። ቀንዱ ጎተራዬ ውስጥ መኖሩንስ ከማን ሰማህ? ዋልያውን ማን ገደለው?

አዛናው፦ ፍርድ ቤት የጨረሰውን ነገር ምን ታነሺዋለሽ? አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው።

ጠጁ፦ ጭጋጉን አየኸው? እየወጣ ነው። ከደረሰብን የገዛ እጅህ አይታይህም። እኔ በጭጋግም እወርዳለሁ። አንተስ?

አዛናው፦ እሺ፣ እሺ! አትሂጂ። እኔ ነኝ።

ጠጁ፦ አንተ ምን?

አዛናው፦ እኔ ነኝ የገደልኩት! ሁለታችንም ስካውት ነበርን። ለአስጎብኚነት ሥልጠና ከሁለታችን አንድ ሰው ይላክ ተባለ። እሱ መንገዱን ሁሉ ያውቃል፣ ሰው ይወደዋል፤ እሱ እያለ እኔን ማን ይልከኛል? ከማዶ ሆኜ አንዱን ዋልያ ተኩሼ ጣልኩት። እናንተ ገብርኤልን ልታነግሡ ስትሄዱ ገብቼ ቀንዱን ጎተራችሁ ውስጥ ከተትኩት።

ጠጁ፦ ሊይዙት የመጡ ዕለት ከፊት ሆነህ መጣህ። "ታዝዤ ነው እቴ ጠጁ" ብለህ እንባህን አፈሰስከው። እኔም ውኃ ሰጠሁህ።

አዛናው፦ ሰጥተሽኛል።

ጠጁ፦ ሦስት ዓመት ታስሮ፣ ሳል ይዞ ወጣ። ሁለተኛ ክረምት ሳያይ ቀበርኩት። አንተ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነህ።

አዛናው፦ እሱ ግን ያውቅ ነበር።

ጠጁ፦ ምኑን?

አዛናው፦ ስተኩስ አይቶኛል። እሱ የቆመው ከዚህ ላይ ነበር፣ ከዚችው እርከን። ፍርድ ቤት ቆሞ ስሜን ይጠራል ብዬ ላብ ሲያጠምቀኝ ዋለ፤ አልጠራም። ወህኒ ሄጄ "ለምን ዝም አልክ?" ስለው፣ "አንተ አራት ልጅ አለህ። የእኔ አንዲት ናት፤ እሷንም ጠጁ ታሳድጋታለች" አለኝ።

ጠጁ፦ ለእኔ አልነገረኝም።

አዛናው፦ "ለእሷ እንዳትነግራት። ጠጁን አውቃታለሁ፣ አትምርህም" አለኝ።

ጠጁ፦ ያውቀኝ ነበር።

አዛናው፦ ይቅር ብሎኛል እቴ ጠጁ። በአንደበቱ "ይቅር ብዬሃለሁ፣ ሂድ ልጆችህን አሳድግ" ብሎኛል።

ጠጁ፦ እሱ ይቅር ብሎ ሸኘህ፤ አንተ ወጥተህ ስሙን ለፈረንጅ ቸረቸርከው። ዝም ብትል እንኳ ምን ነበረበት? ከሞተ በኋላ ማን ነካህ? ማን ጠየቀህ?

አዛናው፦ አንድ ቀን ጀመርኩት፣ ወደዱት። ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ስደጋግመው እኔም ማመን ዳዳኝ።

ጠጁ፦ እሱ ማረህ። እኔ ሞላ አይደለሁም።

አዛናው፦ ምን ልታደርጊኝ ነው?

ጠጁ፦ አወርድሃለሁ።

አዛናው፦ እግዜር ይስጥልኝ! ዕድሜና ጤና...

ጠጁ፦ ቆይ፣ አትመርቀኝ። ነገ አሥራ ሁለቱን እንግዶችህን ከፊት ሆኜ የማወርዳቸው እኔ ነኝ። እዚህ ስደርስ እንዲሁ እቆማለሁ። ተሸካሚዎቹም ስካውቶቹም ከኋላህ ተሰልፈው ይቆማሉ። አሁን ለእኔ ያልከውን ሁሉ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ትናገራለህ። ሞላ አይቶህ ዝም እንዳለም ትናገራለህ። ይታይሽ ከመሃል ናት፤ በእንግሊዝኛው አንድ ነገር ብትዘል ትነግረኛለች፣ እኔም አልንቀሳቀስም።

አዛናው፦ በስካውቶቹ ፊት? ልጄ እኮ ከእነሱ አንዱ ነው!

ጠጁ፦ አውቃለሁ። ተራው ነገ መሆኑንም ጠይቄያለሁ።

አዛናው፦ እሱ ምን አደረገሽ? ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር!

ጠጁ፦ ይታይሽ ጡት ትጠባ ነበር።

አዛናው፦ አለቃነቱን ልተወው። አገሩንም ለቅቄ ልሂድልሽ። ልጄ ከሌላ ሰው ይስማው፣ ከእኔ አፍ ግን...

ጠጁ፦ የእኔም ልጅ የአባቷን ነገር ከአንተ አፍ ነው የሰማችው።

አዛናው፦ ዓይኔን ማየት ይጠላል።

ጠጁ፦ ይጥላ።

አዛናው፦ እምቢ ብልስ? ዛሬ መንገዱን ካወቅሁት ነገ ያለ አንቺ እመጣለሁ።

ጠጁ፦ አስቤበታለሁ። የቀረውን ግማሽ መንገድ ዓይንህን በነጠላዬ አስሬ ነው የማወርድህ። እጅህን መቀነቴ ላይ ታደርጋለህ። እግርህን አንሣ ስልህ ታነሣለህ፣ አስቀምጥ ስልህ ታስቀምጣለህ።

አዛናው፦ በዚህ ገደል ላይ? ዓይኔን ታስሬ?

ጠጁ፦ እኔ አሥር ዓመት እንዲያ ነበር የቆምኩት፤ አልወደቅሁም።

አዛናው፦ ሞላ ቢኖር ኖሮ ይህን አያደርግም ነበር!

ጠጁ፦ አያደርግም። ለዚህ ነው የሞተው። ጎንበስ በል፣ ዓይንህን ልሰርልህ።