ሳነቴን ደረቴ ላይ ያለፈችው ልጅ

ባሌ ውስጥ አንገቱ በምትባል ከተማ የጤና መድን ሠራተኛ ነኝ። ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ሕክምና መድኑን ለምን ብዙ ገንዘብ እንዳስወጣው አስረጂ ተብዬ ጎባ ለስብሰባ ስጠራ፣ መኪና አጥቼ አምቡላንስ ላይ ተሳፈርኩ። ውስጡ ወሯ ሳይገባ የተወለደች፣ ወደ ጎባ ሆስፒታል የምትወሰድ ልጅ ከእናቷና ከአዋላጅ ነርስ ጋር አለች። ብርዳሙ የሳነቴ አምባ ላይ ስንወጣ አዋላጇ የልጅቷን እግር ነካ አደረገችና ወደ እናትየው ዞረች፤ እሷም ደም ፈስሷት ትንቀጠቀጣለች። ቀጥሎ አዋላጇ እኔን አየችኝ።

"ሸሚዝሽን ፍቺ።"

"እኔ?"

"እናቷ ራሷ በርዷታል። ልጅቷ እንዲህ ቀዝቅዛ ማሞቂያ ክፍል ከገባች ቶሎ አትወጣም፤ ከፋዮቹ ደግሞ እናንተው ናችሁ።"

ደረቴ ላይ ስታስቀምጣት እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዘቀዘችኝ። እናትየው በየመታጠፊያው "ኢንተላኮ" እያለች፣ በኦሮምኛ ልጄ ማለቷ ነው፣ "ትተነፍሳለች?" ትለኛለች። "ትተነፍሳለች" እላለሁ፣ ትንፋሿን ለመስማት የራሴን ይዤ። ጎባ ስንደርስ እግሯ ሞቋል። ሐኪሙ መረመራትና ማሞቂያ ክፍል ሳያስገባት ከእናቷ ጎን አስተኛት።

ስብሰባው ላይ ሰብሳቢው "ያስወደደው መድኃኒቱ ነው ወይስ ኦክስጅኑ?" አለኝ።

"የሳነቴ ብርድ ነው" አልኩ።

ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ፤ እጄ ሳላውቀው ደረቴን ይዳብሳል፣ ትተነፍስ እንደሆነ።